ወይን፣ ሐይቅና መንገድ፦ ከአቦምሳ እስከ ባቱ የተደረገ ጉዞ ምን ያስተምረናል?



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ከምናውቀው አንድ ቃል ነው፤ ቃሉም «ወይና ደጋ» ነው። የአገራችንን የአየር ጠባይ ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብለን ስንከፍል፣ መካከለኛው ክፍል በስሙ ውስጥ «ወይን» የሚለውን ቃል ተሸክሞ መኖሩን ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው። በተለምዶ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር አባቶቻችን ሲሰይሙ የወይን ሐረግ የሚስማማው ደጋ መሆኑን መመስከራቸው ነበር። ጤፍም፣ ኑግም፣ ቡናም በዚያው ክልል ይበቅላሉ፤ ስሙን የወሰደው ግን ወይን ነው።

ቋንቋችን ስለ ወይን የሚነግረን በዚህ ብቻ አያበቃም። የወይን መጠጥን «ወይን ጠጅ» እንለዋለን፤ ይኸውም የራሳችን መጠጥ ጠጅ መለኪያ ሆኖ፣ ወይኑ የጠጅ ዓይነት ሆኖ የተሰየመበት መንገድ ነው። ቀይና ሰማያዊ ሲደባለቁ የሚወጣውንም ቀለም ያለ ምንም ማብራሪያ «ወይን ጠጅ» እንላለን። በቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን ከዘቢብ ተዘፍዝፎና ተጨምቆ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ይህንኑ ሥርዓት በመጽሐፉ መዝግቦታል። እንግዲህ ወይን በኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነው ወይንን በሰፋፊ እርሻ አልምቶ በፋብሪካ መጥመቅ ነው፤ ከዚያም የበለጠ እንግዳ የሆነው፣ ወይኑን ለመቅመስና እርሻውን ለማየት ተብሎ በመኪና መጓዝ ነው።

ባለፈው የጥቅምት ወር አራት ባልደረቦች ይህንን እንግዳ ነገር ሞከርነው። ሁለታችን የጂኦግራፊ መምህራን፣ አንዱ የሰብል ባለሙያ፣ አንዱ ደግሞ የታሪክ ተማሪ ነበርን። ከአቦምሳ ተነሥተን፣ በአሰላ አልፈን፣ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ወረድን። በዚህ መድረክ የማቀርበው ግን የጉዞ ማስታወሻ አይደለም። የማቀርበው ክርክር ነው፤ እርሱም ባጭሩ ይህ ነው፦ በዚህ መንገድ ላይ የወይኑን ታሪክ ከውኃው ታሪክ ነጥሎ መናገር አይቻልም፤ የወይን መንገድ ለመዘርጋት የሚያስብ ሰውም አስቀድሞ የውኃውን መንገድ ማወቅ ይገባዋል።

አቦምሳ፦ የአዋሽ ውኃና የመርቲ አትክልት

አቦምሳ የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከከተማዋ ወደ ሰሜን ሲታይ ምድሩ ወደ አዋሽ ሸለቆ ያዘቀዝቃል፤ ግራርና ቁጥቋጦ የለበሰው የቆላ መሬት ድንገት ተቋርጦ አረንጓዴ ሰደቃ ይዘረጋል። ያ አረንጓዴ የዝናብ ሥራ አይደለም፤ የመስኖ ነው። ኑራ ኤራ፣ አዋራ መልካና መርቲ ጄጁ የሚባሉት እርሻዎች ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ቲማቲምና ወይን ሲያመርቱ የኖሩት ከአዋሽ ወንዝ በሚጠለፍ ውኃ ነው። በየሱቃችን መደርደሪያ ላይ የምናውቀው «መርቲ» የተባለው የቲማቲም ድልህ ስሙን ያገኘው ከዚሁ አገር ነው። ድልሁን በየወጡ የሚጨምር የከተማ ሰው ስሙ የቦታ ስም መሆኑን አያውቅ ይሆናል፤ የአቦምሳ ልጅ ግን ያውቃል።

ብዙዎች የማያውቁት፣ የአገራችን አንጋፋ የወይን ጠጅ ፋብሪካ የሆነው አዋሽ ወይን ጠጅ ለረጅም ዘመን የወይን ፍሬውን ያገኘው ከዚሁ ከመርቲ ጄጁ መሆኑን ነው። ፋብሪካው በ1930ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመ ሲሆን፣ በደርግ ዘመን በመንግሥት ይዞታ ሥር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ተዛውሯል። የምርቶቹን ስሞች ልብ ብላችሁ አንብቡ፦ አዋሽ፣ ጉደር፣ ዱከም፣ አክሱማይት። ጉደር ከአምቦ በስተ ምዕራብ ያለ ወንዝና ከተማ ነው፤ ዱከም ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ ሲኬድ የሚገኝ ከተማ ነው፤ አዋሽ ደግሞ ወንዙ ራሱ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ካርታ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ካርታ ላይ ግን ፍሬው የበቀለበት የመርቲና የጄጁ ስም የለም። ከአርሲ ቆላ የወጣ ፍሬ በሌላ አገር ስም ይሸጣል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የጉብኝት ኢኮኖሚ የሚቆመው በቦታ ስም ላይ ስለሆነ ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ።

አሁን ከስሙ ወደ ውኃው እንሂድ። የመርቲ እርሻዎች ዓመቱን ሙሉ ውኃ ማግኘት የቻሉት በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ የአዋሽን ፍሰት ስላስተካከለው ነው። ግድቡ የተሠራው ለኤሌክትሪክ ኃይል ቢሆንም፣ የክረምቱን ጎርፍ ይዞ በበጋ በመልቀቁ ከታች ያለውን መስኖ አስቻለ። ስለዚህ በአቦምሳ አቅራቢያ የሚታየው የወይን ዘለላ የቆቃ ሐይቅ ልጅ ነው። አዋሽ ደግሞ እንደምታውቁት ባሕር አይደርስም፤ በአፋር ምድር ተጉዞ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ከላይ የተቀዳ እያንዳንዱ ሊትር ከታች የሚጎድል ነው።

አሰላ፦ የሦስት ተፋሰሶች ማማ

ከአዋሽ ሸለቆ ወጥቶ በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ በአጭር ጊዜ ከቆላ ወደ ደጋ ያሻግራል። አሰላ 2,430 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከጀርባዋ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጭላሎ ተራራ ቆሟል። በጥቅምት ወር እርሻው የስንዴና የገብስ ባሕር ነው። አሰላ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (በአሕጽሮቱ ካዱ) መናኸሪያ እንደነበረች፣ የምርጥ ዘርና የማዳበሪያ ሥራም ወደ አርሶ አደሩ በስፋት የወረደው በእርሱ በኩል እንደነበረ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከገብሱም የተነሣ አሰላ የብቅል ፋብሪካ ባለቤት ሆነች። ስለዚህ ይህ መንገድ የመጠጥ መንገድ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፦ በቆላው ወይን፣ በደጋው የቢራ ገብስ፣ በየገበሬው ጓሮ የጠጅ ማርና ጌሾ፣ በየቤቱም የአርሲ ወተት።

የሰብል ባለሙያው ባልደረባችን ግን ከከተማዋ ወጣ ብለን በቆምንበት ጥያቄውን ወደ ሌላ አቅጣጫ መለሰው፤ ከጎናችን የሚወርደውን ጅረት እያየ «ይህ ውኃ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለን። መልሱ የአርሲን ተራሮች ትርጉም ይገልጣል። ከእነዚህ ተራሮች የሚነሡ ወንዞች በሦስት ወገን ይወርዳሉ። ቀለጣን የመሰሉት ወደ አዋሽ ይገባሉ። ከታር ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳል። በምሥራቅና በደቡብ በኩል ያሉት ደግሞ ለዋቢ ሸበሌ ይገብራሉ። የሚገርመው፣ ከሦስቱ አንዱም በወትሮው ጊዜ ውቅያኖስ አለመድረሱ ነው። አዋሽ አቤ ላይ ያልቃል፤ የዝዋይ ውኃ አብያታ ላይ ያልቃል፤ ዋቢ ሸበሌም በሶማሊያ አሸዋና ረግረግ ውስጥ ይጠፋል። የአርሲ ውኃ ሁሉ የሚያልቀው በምድር ላይ ነው። «ትርፍ ውኃ ወደ ባሕር ይፈስሳል» የሚለው አነጋገር ለአባይ ይሠራ ይሆናል፤ ለአርሲ ግን አይሠራም። እዚህ ትርፍ የሚባል ውኃ የለም፤ ያልተቆጠረ ተጠቃሚ ብቻ ነው ያለው።

ዝዋይ፦ ሰፊ፣ ግን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ

ከአሰላ በኦጎልቾ በኩል ወደ ባቱ የሚወርደው መንገድ ስምንት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል ያወርዳል። ሐይቁ መጀመሪያ የሚታየው ከሩቅ እንደ ብር ሰሌዳ ሆኖ ነው። ዝዋይ፣ በኦሮምኛ ሆራ ደምበል፣ 1,636 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሐይቅ ነው። በላዩ አምስት ደሴቶች አሉ፦ ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ጋሊላና ደብረ ሲና። በደሴቶቹ የኖረው የዛይ ሕዝብ የራሱ ሴማዊ ቋንቋ አለው። በቱሉ ጉዶ የሚገኘው የደብረ ጽዮን ገዳምም በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ተሸሽጎበት እንደነበር በትውፊት ይነገርለታል። በዳርቻው አባ ኮዳ ከዓሣ አጥማጆቹ እጅ የሚጣለውን ይጠብቃል፤ ጉማሬው በደንገሉ መካከል ያስገመግማል፤ ምሳችንም የቆሮሶ ጥብስ ነበር።

ውበቱ ግን እንዳያሳስተን። የዝዋይ ትልቁ ጥልቀት ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው፤ አማካዩ ደግሞ ከሁለት እስከ አራት ሜትር ብቻ ነው። ብዙም ሳይርቅ ያለው የሻላ ሐይቅ 266 ሜትር ይጠልቃል። ሻላ ጋን ቢሆን ዝዋይ ትሪ ነው፤ ትሪ ላይ ያለ ውኃ ደግሞ ቶሎ ይተንናል። በሐይቁ ላይ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ከሐይቁ ከሚተንነው ውኃ ከግማሽ ያነሰ ነው። ጉድለቱን የሚሞሉት ሁለት ወንዞች ናቸው፦ ከጉራጌ ተራሮች የሚመጣው መቂና ከአርሲ የሚወርደው ከታር። የሚተርፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይሄዳል። አብያታ መውጫ የለውም፤ ለሚደርስበት ሁሉ የመጨረሻው ተቀባይ ነው። ባለፉት አምስት ዐሥርተ ዓመታት አብያታ ከስፋቱ ግማሽ ገደማውን ማጣቱ የሚነግረን ከላይ የሆነውን ነው። የሐረማያ ሐይቅስ ታሪክ ሩቅ ነውን? አንድ ትውልድ ጀልባ ሲቀዝፍበት ያየውን ውኃ ቀጣዩ ትውልድ ደርቆ አገኘው።

የወይን እርሻው

በባቱ ከተማ አጠገብ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ያቋቋመው የወይን እርሻና ፋብሪካ ይገኛል። ሲመሠረት 120 ሔክታር ገደማ መሬት ላይ ከፈረንሳይ የመጡ የሜርሎ፣ የሲራ፣ የካበርኔ ሶቪኞንና የሻርዶኔ ሐረጎች ተተክለውበታል። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» በሚል ስም ለገበያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። እርሻው ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገቡበት ዙሪያውን በጥልቅ ቦይ መከበቡ በዓለም መገናኛ ብዙኃን ሳይቀር የተወራለት ነው። የቦርዶ ወይን አልሚ ስለ ውርጭ ይጨነቃል፤ የዝዋይ ወይን አልሚ ስለ ጉማሬ ይጨነቃል።

የግብርና ተማሪዎች ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ሌላ ልዩነት ነው። በአውሮፓ የወይን ሐረግ በክረምት ቅዝቃዜ ቅጠሉን አራግፎ ያንቀላፋል፤ በጸደይ ይነቃል። በምድር ወገብ አካባቢ ግን የሚያስተኛው ብርድ የለም። ስለዚህ አልሚው ራሱ በግረዛና ውኃ በመከልከል ሐረጉን ያሳርፈዋል፤ ከዚያም ፍሬው የሚበስልበት ጊዜ ሻጋታ ከሚያመጣው የክረምት ዝናብ ጋር እንዳይገጥም አስልቶ ያነቃዋል። በሌላ አነጋገር እዚህ የዓመቱን ወቅት የሚሠራው የመስኖው መክፈቻ ነው። ከፍታው ሌሊቱን ያቀዘቅዛል፤ ይህም የፍሬውን ኮምጣጣነት ይጠብቃል። «ወይና ደጋ» ያሉት ሰዎች ቴርሞሜትር አልነበራቸውም፤ ግን አልተሳሳቱም።

ወደ ውኃው ሒሳብ ልመለስ። የዓለም አማካይ ስሌት አንድ ሊትር ወይን ጠጅ ከእርሻ እስከ ጠርሙስ 870 ሊትር ያህል ውኃ እንደሚፈልግ ያሳያል፤ ይህም ለአንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 650 ሊትር ገደማ ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ነገር ግን ከመደንገጥ መስላት ይሻላልና፣ ለክፍል ልምምድ እንዲሆን አንድ ቀላል ስሌት ላቅርብ። የዝዋይ ሐይቅ በአንድ ሴንቲ ሜትር ሲጎድል የሚቀነሰው ውኃ 4.4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። 120 ሔክታር ወይን በዓመት 500 ሚሊ ሜትር መስኖ ይጠጣል እንበል፤ ድምሩ 600,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ ከሐይቁ ወለል ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «ወይኑ ሐይቁን ጠጣው» የሚል ሰው በሒሳብ ይረታል።

ነገር ግን ስሌቱን እዚህ ማቆምም ሐሰት ነው። ከዚሁ ሐይቅና ከሚመግቡት ወንዞች የሚቀዱት የአበባ ግሪን ሃውሶች፣ የባቱ ከተማ ነዋሪዎች፣ በየዳርቻው በትንንሽ ሞተር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጡ ገበሬዎች ሁሉ ናቸው። 10,000 ሔክታር አትክልት በዓመት አንድ ሜትር ውኃ በቦይ ቢጠጣ፣ ድምሩ 100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ በሐይቁ ወለል ሲለካም 23 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጥልቀቱ በሜትሮች ብቻ ለሚቆጠር ሐይቅ፣ መውጫው በጠባብ የወለል ልዩነት ለሚወሰን ሐይቅ፣ ይህ የቡልቡላን መፍሰስና አለመፍሰስ የሚወስን ልዩነት ነው። ቡልቡላ ሲቋረጥ ደግሞ ጉዳቱ አብያታን በማጉደል አያበቃም፤ የሚፈስስ ውኃ ጨዉን ይዞ ይወጣ ነበርና ዝዋይ ራሱ ቀስ በቀስ መጨምጨሙ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ጨዋማውን ውኃ የሚጠጣው ወይኑም፣ ሽንኩርቱም፣ ሰውም ነው። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ለብቻው ሲታይ ጥፋተኛ አይደለም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለው ለበጎ ነው፤ ሞተሮችም ሲያብሩ ሐይቅ ያስራሉ።

የወይን መንገድ ወይስ የውኃ መንገድ?

ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1935፣ ደቡብ አፍሪካ በስቴለንቦሽ እ.ኤ.አ. በ1971 የወይን መንገዶችን ከፍተው መንደሮቻቸውን በጎብኚ ጥቅም ተካፋይ አድርገዋል። ከአቦምሳ እስከ ባቱ ያለው መንገድም ለዚህ የሚበቃ ነገር እንዳለው ተመልክተናል፦ ሦስቱን የአየር ጠባዮች በአንድ ቀን ያሳያል፤ ሁለት የወይን አገሮችን ያገናኛል፤ ተራራ፣ ሐይቅ፣ ደሴትና ገዳም አለው። ሆኖም ከውጭ የተቀዳው አምሳል እንዳለ አይሠራም፤ ምክንያቶቹም ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ ይህ አገር የብዙ እምነቶች አገር ነው። ከአራታችን መካከል ሁለቱ ወይን አይቀምሱም ነበር፤ አንዱ በሃይማኖቱ፣ ሌላው መሪውን ስለያዘ። ሁለቱም ግን ከማንኛችንም ያላነሰ ተምረዋል። እንዲያውም የወይን ፋብሪካ ትምህርት በምላስ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ፍሬው እንዴት እንደሚጨመቅ፣ ቀዩ ወይን ከቆዳው ጋር ነጩ ግን ያለ ቆዳው ለምን እንደሚፈላ፣ እርሾ ስኳርን ወደ አልኮል እንዴት እንደሚለውጥ ማየት የኬሚስትሪ ክፍል ነው። በሕጋችን ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል መሆኑንም ለተማሪዎቼ አስታውሳለሁ። በመቅመስ ላይ ብቻ የቆመ ጉብኝት ገና ሲነሣ ግማሹን መንገደኛ ትቶ ይነሣል።

ሁለተኛ፣ ጥቅሙ የማን ነው? ቀደም ብዬ የመርቲ ስም ከጠርሙሱ ላይ የለም ብያለሁ። ጎብኚ የሚሄደው ስሙን ወደሚያውቀው ቦታ ነው። የአቦምሳ ስም በወይኑ ላይ ከሌለ፣ የዛይ ጀልባ ቀዛፊ በጉዞው መርሐ ግብር ውስጥ ከሌለ፣ የከታር ተፋሰስ ገበሬ እርከን ሠርቶ አፈሩን ከሐይቁ ስለሚከለክልበት ድካም ከጎብኚው ገንዘብ ምንም ካልደረሰው፣ መንገዱ የሚያልፍባቸው ሰዎች መኪና ሲያልፍ ከማየት በቀር ትርፍ የላቸውም።

ሦስተኛ፣ ጉብኝቱ ራሱ የሚሸጠው ሐይቁን ነው። ደንገሉ ተመንጥሮ ዳርቻው እስከ ውኃው አፍ ሲታረስ፣ እምቦጭ ሲስፋፋ፣ ቡልቡላ ሲቋረጥ፣ ጎብኚው የሚመጣበት ምክንያት ያልቃል። ስለዚህ የሐይቁ ጤና የቱሪዝም ጌጥ ሳይሆን ካፒታሉ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ለዚህ ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ ሁለት ገጽ አለው። ለሚመለከታቸው አካላት፦ ከዝዋይ፣ ከመቂና ከከታር ማን ምን ያህል እንደሚቀዳ በየዓመቱ ተለክቶ ለሕዝብ ይገለጽ፤ የወይን ሐረግና የሽንኩርት ማሳ በአንድ ሚዛን ይመዘኑ፤ በዳርቻው የደንገል ቀጠና ይከለል። ለእኛ ለመምህራንና ለተማሪዎች ደግሞ፦ ይህንን መንገድ የመስክ ትምህርት እናድርገው። የጂኦግራፊ ተማሪ በከታር ድልድይ ላይ ቆሞ ፍሰቱን ይለካ፤ የግብርና ተማሪ የጠብታ መስኖንና የቦይ መስኖን ያነጻጽር፤ የቋንቋ ተማሪ የዛይን የዓሣና የጀልባ ቃላት ይሰብስብ፤ የታሪክ ተማሪ በመርቲ ጄጁ እርሻ የሠሩ አዛውንቶችን በሕይወት ሳሉ ይጠይቅ፤ የሕግ ተማሪ ደግሞ የውኃ አጠቃቀም ፈቃድ ማን ለማን እንደሚሰጥ ይመርምር።

ክቡራትና ክቡራን፤ አባቶቻችን አገሩን በፍሬው ስም «ወይና ደጋ» ብለው ሲጠሩት፣ ምድሩ ምን መሸከም እንደሚችል አስተውለው ነበር። ከእኛ የሚጠበቀው አንድ እርምጃ መጨመር ነው፤ ምድሩ ምን ያህል መሸከም እንደሚችል መለካት። እኛ በወጉ ከለካን፣ ከአቦምሳ እስከ ባቱ በዚያ መንገድ የሚጓዙት የነገ ተማሪዎች ወይኑንም ሐይቁንም በየቦታቸው ያገኟቸዋል።